ለጥላዬ፣ ስለ መስኮቱ

ለጥላዬ፤

ደብዳቤ ሲጀመር "ለጤናህ እንደምን አለህ" ይባላል። ላንተ ይህ አይሆንም። እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና የሆንኩትም ባንተ አይደለም። ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀርቷል። ሙት ዓመትህ ሳይደርስ ይህን ጽፌ ካልተገላገልኩ፣ ዕለቱን በካህናቱና በዘመዱ ፊት ከአፌ ምን እንደሚያመልጠኝ እኔም አላውቅም። ጻፊ ያለችኝ ልጅህ ትርፌ ናት። "እማዬ፣ ጎረቤቱን ሁሉ አዳርሰሽዋል፤ አሁን ለራሱ ንገሪው" አለችኝ። እውነቷን ነው። "ሙት ወቃሽ አያድርገኝ" ብዬ እጀምርና ስወቅስህ ነው የምውለው።

ጽሕፈቴን ታውቀዋለህ። በመሠረተ ትምህርት የተማርኳት ናት፤ "ዶሮ የጫረችው አውድማ" ትላት ነበር። እንደፈለገች ትሁን። አሁን ጊዜ ሞልቶሃል፣ ቀስ ብለህ አንብባት።

የቤቱን ወሬ ላስቀድምልህ። ጣሪያው ወረደ። ያ ከጓሳ አጭደህ በአህያ ያመጣኸው፣ ሰው ቀና ብሎ ሲያየው እንኳ የምትሳሳለት ሣር፣ አንድ ቀን ጠዋት ተገፎ ደጅ ተከመረ። ከውስጡ የወጣውን ጥላሸት ልነግርህ አልችልም። እኔና ትርፌ ከሰል አክሳይ መስለን ዋልን። ከማገሩ ሥር ቢላዋህ ተገኘ፤ ያ "ትርፌ ጣለችብኝ" እያልክ ልጅቱን ስታስለቅስ የኖርክበት። ራስህ ነህ የሰካኸው። ትርፌ ቢላዋውን አንስታ አየችውና "አባዬ ይቅርታ ጠይቋል በዪኝ" አለችኝ። እኔ በአንተ ስም ይቅርታ አልጠይቅም አልኳት።

ቤቱ ጭንቅላቱን ተላጭቶ ሲከርም እኛ ማድቤት ገባን። ዕቃው ደጅ ላይ ሸራ ለብሷል፣ ገብሱ እዚያ፣ የኔ ሱፍ እዚያ፣ አልጋው እዚያ። የአገራችንን ውርጭ ታውቀዋለህ። ጠዋት ስንነሳ የባልዲው ውሃ ቆዳ አውጥቶ እንቀዳ ብለን በማማሰያ እንሰብረዋለን። ጉረኖ ውስጥ ያሉት በጎችህ ከእኛ ይሻሉ ነበር፤ እነሱ ጣሪያቸው አልተነካ፣ ላያቸው ላይ ሱፍ አለ።

ወንድምህ ግርማ የሥራው አዛዥ ሆነ። ማንም አልሾመው፤ አንተ ነህ የሾምከው። ልትሞት ስትል በነፍስ አባታችን ፊት "ቤቱን ቆርቆሮ አልብስላት" ብለህ ለእሱ ተናዘዝክ። ለእኔ አይደለም። እኔ እኮ ሙቁን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፣ ጥላዬ። ሙቁ እስኪቀዘቅዝ አስቆማችሁኝ። እንግዲህ ግርማ ሥልጣኑን ይዞ መጣ። ዱላውን አገጩ ሥር ተክሎ ይቆማል፣ ጠላ ይጠጣል፣ ይጠቁማል። ግንበኛው አስፋው በእጁ አንድ ድንጋይ ሲያነሳ ግርማ በአፉ ሁለት ያነሳል።

ቤቱ ከተነካ አይቀር ብዬ አንድ ነገር ለአስፋው ነገርኩት፤ መስኮት አውጣልኝ አልኩት። ይህን ስትሰማ ፊትህን እንዴት እንደምታኮሳትረው ይታየኛል። ከዚያ ቤት ከገባን ጀምሮ መስኮት ስለምንህ ኖርኩ። ሱፍ ፈታይ ሴት ነኝ፤ ክሩ ሲቀጥንና ሲወፍር ካላየሁ ምኑን ፈተልኩት። ውስጥ ስቀመጥ በቀን ኩራዝ አበራለሁ፣ በሩ ላይ ስቀመጥ ንፋሱ ጉልበቴን ይበላዋል። አንተ አንድ ጊዜ "ብርድ ይገባል" አልክ። አንድ ጊዜ "ስንበላ ዓይን ያየናል" አልክ። አንድ ጊዜ ደግሞ፣ በጥቅምት ነበር፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ስቀህ "ለመሆኑ ምን ልታዪ ነው?" አልከኝ። ብርዱን ረስቼዋለሁ፣ ዓይኑንም። ይህቺኛዋ ግን እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ አለች።

መስኮት የሚወጣበት ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። በሩ በምዕራብ ነው፣ ጀርባው ተረተሩን ተደግፏል፣ በቀኝ ጉረኖው አለ። የቀረው በሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በኩል ያለው ግድግዳ ነው። አስፋውን "እዚህ ጋ፣ የሞሰብ ክዳን ያህል" ብዬ በከሰል አስምሬ አሳየሁትና መንገድ ሄድኩ።

የት ሄድሽ በለኛ። ሐዋሳ።

ከወረዳ ጥሪ መጥቶ ነው። የፈታዮች ማኅበራችን ልምድ ልውውጥ ይሂድ ተባለ፤ እዚያ ምንጣፍ የሚሠሩ፣ ክር የሚያቀልሙ ሴቶች አሉ፣ እናንተም እዩ ተባልን። አንተም በጎችህ ተመርጠው ሞዴል አርቢ የተባልክ ጊዜ ወደዚያው ከተማ ሄደህ ነበር። የተመለስክበትን ማታ አልረሳውም። እግርህን አጥቤ፣ ያበሰልኩትን አቅርቤ፣ ከጎንህ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ትርፌም ጉልበትህ ላይ ሆና ጠበቀች።

"ምን አየህ?" አልኩህ።

"ውሃ ነው" አልክ።

"ምን ዓይነት ውሃ?"

"ውሃ ነዋ፣ አስኩ። ውሃ አታውቂም?"

ከዚያ ስለ አንድ የፈረንጅ አውራ በግ ጭራ አወራኸን። ስለ ጭራው፣ ጥላዬ። በማግስቱም ስለ ጭራው። ውሃው በዚያው ቀረ።

እንግዲህ እኔ ሄድኩና አየሁት።

መንገዱን ልተርክልህ አልችልም፤ ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ግማሾቻችን ታመናል። ከጎኔ የተቀመጠችው በለጠች የምትባል የሞላሌ ሴት ናት፤ እንደኔው ፈታይ፣ አፏ ከእንዝርቷ የሚፈጥን። "አስካለ፣ እጄን ያዢኝ፤ ብሞት እንኳ ከመኪና ወድቃ ሞተች አይበሉኝ፣ ተቀምጣ ሞተች በዪልኝ" እያለች ነው የደረስነው። የምንጣፉን ሥራ አየን። ክሩን ከቅጠልና ከሥር በተቀቀለ ቀለም ሲነክሩት፣ አረንጓዴው ከየት እንደሚመጣ፣ ቢጫው እንዴት እንዳይለቅ እንደሚደረግ አሳዩን። በጣም ጥሩ ነው፤ አሁን እኛም ጀምረናል። ሥራው ሲያልቅ አስተባባሪው "እናቶች፣ አሁን ደግሞ ተዝናኑ" ብሎ ወደ ሐይቁ ወሰደን።

መጀመሪያ ሜዳ መሰለኝ። ሰማይ የተኛበት ሜዳ። ከዚያ ሜዳው ተነቃነቀ። ዳር ላይ አባ ኮዳ የሚሏቸው ወፎች ቆመዋል፤ ቁመታቸው የሰው ነው ማለት ይቀላል፣ ራሳቸው መላጣ፣ ክንፋቸው እንደ ጥቁር ካባ። በበዓል ቀን ማን ይቅደም ተባብለው የተኳረፉ መነኮሳት ይመስላሉ። የአገሩ ሰዎች ዓሣውን በጥሬው በሚጥሚጣ ሲበሉ አየን፤ የፋሲካ ዕለት ጥሬ ሥጋ ስትቆርጥ የምትውለው በለጠች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ "ኧረ በእመቤቴ" አለች። ጀልባ ላይ ወጣን። ውሃው ከላይ ሰማያዊ ነው፣ እጄን ስነክረው አረንጓዴ ሆነ፣ ስዘግነው ምንም አልሆነ። ድንጋይ ያልኩት ጆሮውን አራገፈ፤ ጉማሬ ነው አሉኝ። ሴቶቹ ሲጮሁ እኔ የጀልባውን ጠርዝ ጨበጥኩ። የፈራሁ መስሏቸው ከኋላ ያዙኝ። እኔ ግን ተናድጄ ነው። ያን ያህል የተናደድኩት አንተ የሞትክ ቀን እንኳ አይደለም።

ይህን ሁሉ አይተሃል። እዚያው ዳር ቆመህ፣ እነዚያው ወፎች ፊትህ እየተንጎራደዱ፣ አይተሃል። ከዚያ ወደ እኔ፣ ኩራዝ ሥር ወደምፈትለው ሴትዮ መጥተህ "ውሃ ነው" አልከኝ። ብትነግረኝ ምን ይጎድልብህ ነበር? ከሐይቁ ላይ የሚቀነስ ነበር?

ያረፍንበት ቤት መስኮቱ ከወለል ሊደርስ ምንም አይቀረው። ጎህ ሲቀድ ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ውሃው ላይ ጭጋግ አለ፣ ጭጋጉ ውስጥ ሰዎች መረብ ይጥላሉ፣ ድምፃቸው ይሰማል እነሱ አይታዩም። በለጠች ከአልጋዋ ላይ ቀና ብላ "አስካለ፣ ወይ ተኚ፣ ወይ መስኮቱን አግቢው" አለችኝ።

"ባገባውስ ከመጀመሪያው ባሌ ይሻላል፤ ይኼ እንኳ ያሳየኛል" አልኳት።

እስክትንፈራፈር ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን መጨረሻው ሌላ ሆነ። እሷም አየችኝና ፊቷን አዙራ የተኛች መሰለች። ደግ ሴት ናት።

ስመለስ ቆርቆሮው ከሩቅ ያበራል። ልቤ ዘለለ፣ ምን ልዋሽህ። ይዤ የመጣሁትን ቦርሳ ሳላስቀምጥ በሚካኤል በኩል ዞርኩ። ግድግዳው ደፍን ነው። እንደውም የከሰል ምልክቴ እንዳይታይ ጭቃ በጭድ ተለስኗል፤ ገና እርጥብ ነው።

ግርማ ዱላውን ይዞ መጣ። "እትዬ አስካለ፣ እንኳን ደህና ገባሽ" አለ።

"መስኮቴ የታለ?"

"ገና መግባትሽ ነው፣ እረፊ እስቲ።"

"ግርማ፣ መስኮቴ የታለ?"

"ኑዛዜ ነው" አለኝ። ነገሩን የሰማሁት ያኔ ነው። ለካ "ቆርቆሮ አልብስላት" ብለህ አላበቃህም፤ "በሚካኤል በኩል ያለውን ግድግዳ ግን እንዳትነኩት" ብለሃል። ነፍስ አባታችንን ሄጄ ጠየቅኋቸው፤ እሳቸውም መሬት መሬት እያዩ "ብሏል፣ ልጄ" አሉኝ። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው "የተናዘዘ ሰው ምክንያት ከእኔ አይወጣም" አሉኝ። አገሩም ከግርማ ጋር ሆነ። የሟች ቃል ካጠፍሽ ነፍሱ አያርፍ፣ ቤትሽ አይባረክ፣ ትርፌ ነገ የምታገባ ልጅ ናት፣ እባክሽ ተይ አሉኝ። በቁምህ "ምን ልታዪ ነው" ያልከኝ አንሶህ፣ ከመቃብር እጅህን ዘርግተህ ዓይኔን ያዝከው።

እንግዲያው እኔም የምችለውን አደረግሁ። ሙት ዓመቱን አላወጣም አልኩ። ጌሾ አልወቅጥም፣ ብቅል አላበቅልም፣ ካህን አልጠራም። ግርማ ዱላውን ጣለው። "ለወንድሜ? በሰው ፊት?" አለ። "ሚስቱ የሱ ቃል ጠባቂ ካልሆነች ግድግዳው ይደግስለት" አልኩት። ሽማግሌ ላከብኝ፤ አልሰማኋቸውም። ትርፌ እንኳ አለቀሰችብኝ፤ አልሰማኋትም። ክፉ ሴት ናት ተባልኩ። ክፉ ነኝ።

እንዲህ ኩርፊያ ላይ ሳለን አንድ ቀን ፀሐዩ ሞቅ ብሎ፣ ያን ፀሐይ ሸሽቼ ኩራዝ ላበራ ስነሳ፣ ክብሪቱን ወርውሬ ዶማ አነሳሁ። አዲሱን ልስን መታሁት፤ እንደ ቅርፊት ወረደ። አሮጌውን መታሁት። ትርፌ "እማዬ" እያለች ስትሮጥ ሰማሁ። አስፋው ቀድሞ ደረሰ። "እትዬ፣ ቆዪ፤ እንዲህ ከመታሽው ላይሽ ላይ ነው የሚወርደው" ብሎ ዶማውን ከእጄ ወሰደ። ግርማም ከኋላው አለክልኮ ደረሰ። አስፋው የሚወርደውን ሊያይ ከላይ በኩል ጭቃውን በእጁ ጠራረገ። እንደገና ጠረገ። "ይኼን ማነው የገነባው?" አለ።

"ባሌና ወንድሙ" አልኩት።

"ይኼ እኮ ጉበን ነው፣ በርና መስኮት አናት ላይ የሚጋደመው እንጨት። ወይራ ነው። በደፍን ግድግዳ ውስጥ ማንም ዝም ብሎ ጉበን አያስገባም። ከሥሩ ያሉትን ድንጋዮች እዪአቸው፤ ከጎን ካሉት ጋር አልተነካከሱም። እዚህ መስኮት ነበረ፣ በኋላ ነው የተደፈነው።"

ዞሬ ግርማን አየሁት። ቆቡን አወለቀና ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አዛዥነቱ ሁሉ ጠፍቶ ያ የድሮው፣ ድንጋይ ሲያቀብልህ የነበረው ግርማ ሆነ።

ያን ጊዜ ቤቱ ሲሠራ እኛ እናትህ ቤት ነበርን። ስንቄ፣ የመጀመሪያ ልጃችን፣ መራመድ ከጀመረች ቆይታለች፤ ጭቃ በትናንሽ እጇ ይዛ "አባ፣ እንካ" ትልህ ነበር። ግድግዳው የሰው ልክ ሲያልፍ ኩፍኝ ያዛት። ከቀበርናት በኋላ ወላጆቼ መጥተው ወደ አገራቸው ወደ ራቤል ወሰዱኝ፣ እዚያው ሐዘኔን ተቀመጥኩ። ስመለስ ቤቱ አልቆ፣ ሣር ለብሶ፣ ጨልሞ ጠበቀኝ።

ግርማ እንዲህ አለኝ፤ "መስኮት ነበረ፣ እትዬ። ብርሃን ትወዳለች ብሎ ለአንቺ ያወጣው እሱ ራሱ ነው። ስንቄ ከተቀበረች በኋላ ሥራ ልንቀጥል ስንመጣ በመስኮቱ አየ። መቃብሯ ፊት ለፊት ነው። ብዙ ቆየ። ከዚያ 'ይህን ጠዋት ማታ ካየች ታብድብኛለች፤ ድንጋይ አቀብለኝ' አለኝ። ሁለታችን ደፈንነው። እሷ እንዳትሰማ ብሎ አስማለኝ።"

አስፋው ዶማውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አኖረው። ትርፌ ታለቅሳለች። ግርማ ዓይኑን ጠርጎ ቀና ብሎ አየኝ። ሁሉም አሁን ይቅር የምልህ መስሏቸው ይጠብቃሉ።

ይቅር አላልኩህም። ማን ጠየቀህ፣ ጥላዬ? እንዳላለቅስ ነው አሉኝ። ያላለቀስኩ መሰለህ? ፊት ለፊቴ ደፍን ድንጋይ ተደቅኖ፣ ኩራዝ እየጨሰ፣ እንዝርቱን ሳሾር እሷን ያላየሁበት ቀን የለም። ጭቃ በእጇ ይዛ ከግድግዳው ውስጥ ትመጣለች። ማየት ብችል ሣሩ ሲበቅልባት አየሁ ነበር፣ ዝናቡ ሲያባራላት አየሁ ነበር፣ ሐዘኔም እንደሰው ሐዘን ያረጅ ነበር። አንተ በልጅነቱ አስቀረኸው። አብረን ማልቀስ ስንችል ብቻህን ድንጋይ ደረደርክ፤ ከዚያ ለዚያ ሁሉ ዓመት ብርድ ነው፣ ዓይን ነው እያልክ ዋሸኸኝ። ክፉውን አትችልም አልክ። መልካሙንም፣ ያን ሐይቅ እንኳ፣ አትችልም አልክ መሰለኝ። የምችለውን አንተ መረጥክልኝ፤ ስትመርጥልኝ ምንም ሳይተርፈኝ ቀረ።

ሌላም ልንገርህ። ወደ እርሻ ስትሄድ በሚካኤል በኩል ያለውን አቋራጭ ትተህ ተረተሩን ዞረህ ነበር የምትሄደው። እግሬን ላፍታታ ነው ትለኝ ነበር። አሁን ነው የገባኝ። ማየት ያልቻልከው አንተ ነህ። ይህን ብትነግረኝ ኖሮ እኔ እጅህን ይዤ እወስድህ ነበር። እችል ነበር። አልጠየቅኸኝም። ልትሞት ስትል ግን አጠገቧ ቅበሩኝ አልክ።

ከግርማ ጋር ሆነን ነፍስ አባታችን ጋ ሄድን። "አሁን ካወቅሽው ልናገር" አሉ። "ግድግዳውን አትንኩ ያለው ለራሱ ነፍስ ብሎ አይደለም፣ ለአንቺ ብሎ ነው። ለአንቺ የተሰጠ ስጦታ ደግሞ የአንቺ ነው፤ ብትፈልጊ ትይዢዋለሽ፣ ባትፈልጊ ትመልሺዋለሽ።" መለስኩልህ።

አስፋው በጉበንህ ልክ ከፈተው። ወይራው ምንም አልሆነም። ድንጋዮቹን ያወጣቸው ግርማ ነው፤ ማንንም አላስነካም፣ አንድ ባንድ በክንዱ አቅፎ አወጣቸው። መስተዋቱ ከመሐል ሜዳ ከተማ መጣ። ብርድ ይገባል፤ በዚህስ እውነትህን ነበር። ጋቢ ደርቤ እፈትላለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ዛፍ ይታያል፣ የደብሩ ጉልላት ይታያል፣ ከጽዱ ሥር የእሷ ትንሽ የድንጋይ ክምር፣ ከጎኗ ደግሞ ያንተ፣ ገና ያልረጋው።

ሙት ዓመትህን አወጣለሁ። ጌሾው ተወቅጧል፣ ግርማም ዱላውን አንስቷል፤ ሲያዝ ይውላል። ረሳችኝ ብለህ አትስጋ፤ እንዳልረሳህ አድርጌ ግድግዳ አስፈርሻለሁ። በየጠዋቱ መስኮቱን ስከፍት ግን መጀመሪያ እንደምን አደርሽ የምለው ስንቄን ነው። አንተን ከእሷ አስከትዬ ነው። እስክንታረቅ ድረስ ተራህ ይኸው ነው።

የሐዋሳውን መንገድ ለእሷ መንገር ጀምሬላታለሁ፣ እየፈተልኩ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። ወፎቹን ጨርሰን ዛሬ ጀልባው ላይ ወጥተናል። አጠገቧ ስለሆንክ ትሰማለህ።

ውሃ ብቻ አልነበረም፣ ጥላዬ።

አስካለ